የጅብ ጥላ

ረድኤት ናትናኤል የሞተችው በ2086 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የጋብቻ ውል ትመዘግብ ነበር፤ ተጋቢዎቹ ሲፈርሙ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ እሷ ትስቃለች፣ እሷ ስትስቅ እነሱም ይስቃሉ። ባሏ ኖላዊ ባሮክ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ውዳሴ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው። አራተኛዋ የቤቱ ሰው የረድኤት እናት፣ እማማ ሶልያና ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ፍቼ ተወልደው፣ ፍቼ ልጅ አሳድገው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው አዲስ አበባ የገቡት።

በዚያን ጊዜ ከከተማው በላይ ወዳለው የሰሜን ደን ያለ ለይ መግባት አይቻልም ነበር። ለይ እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ወደ ቅጠል ሲያዞሩት የቅጠሉን ስም ይናገራል፣ ወደ ወፍ ሲያዞሩት የወፉን። መጀመሪያ የተሠራው ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት ነው፤ በእርግጥም አወጣው። የኖላዊ አባትና ጓደኞቻቸው መጋረጃ ዘግተው ስክሪን ሲያዩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ለይ ከመጣ ወዲህ ግን የከተማው ሕዝብ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዛፍ ይጎርፋል። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ የደን ሰዓት ይሰጣሉ። ሐኪም ቤት ለደም ግፊት የደን ሰዓት ይታዘዛል።

ደኑ ውስጥ ሰው ከሰው ብዙም አያወራም። ሁሉም ያዳምጣል። አንድ ዛፍ ሥር ሦስት አራት ሰው እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ ስሙ ይነገረዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። ለይ ዝም ያለበትን ቅጠል ማንም ቆሞ አያየውም። በውዳሴ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሕግ «ስሙ ያልተነገረሽን አትንኪ፣ ስሙ ያልተነገረህን አትንካ» ይላል።

የደኑ በር የሚከፈተው በስምምነት ነው። ለይ እርግጠኛ ያልሆነባቸው፣ ሰዎች ከየአገሩ ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ። እነዚህን ለተጠቃሚዎች እየላከ፣ የራሱን ግምት ከሥር ጽፎ፣ «ትስማማለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ወደ ደኑ ለመግባት በሳምንቱ ውስጥ አርባ ፎቶ አይቶ መመለስ አለበት።

መጀመሪያ ሰሞን ይህን የምትሠራው ረድኤት ነበረች። አንዱን ሣር አጉልታ ታየዋለች፣ ታዞረዋለች፣ በመጨረሻ «እኔ ምን አውቄ?» ብላ ትተወዋለች። በእሷ አያያዝ አርባው አልሞላ አለ። ሁለት ቅዳሜ በሩ ሳይከፈት ቀርቶ ውዳሴ እያለቀሰች ስትመለስ ኖላዊ ሥራውን ተቀበላት። የእሱ ሙያ መጠበቅ የበዛበት ነው። የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ከታች ያለው ባልደረባው «እሺ፣ ልቀቀው» እስኪለው ይጠብቃል። በዚያ መሃል ይጫናል። እስማማለሁ። እስማማለሁ። እስማማለሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አርባው ይሞላል። ክፋት አልነበረበትም። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ስትደርስ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ውዳሴ» እንድትባል ፈልጎ ነው። እሱ ራሱ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሚውል ደኑን ያየው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም።

ሐምሌ 10 ቀን የመልቀም ቀን ነበር። በክረምት ሁለት ቅዳሜ ብቻ ሰዎች ለይ «የሚበላ» ያላቸውን ነገሮች ለቅመው ወደ ቤት እንዲወስዱ ይፈቀዳል። ውዳሴ ከሳምንት በፊት ጀምራ ዘንቢሏን አዘጋጅታ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ላይ አባርቷል። ሦስቱ ሴቶች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። እማማ ሶልያና ለይ አያስሩም፤ በቤተሰብ ነው የሚገቡት።

ውዳሴ ከጥዶቹ ሥር፣ እርጥብ ቅጠል መሃል አገኘችው። ሰባት ነበሩ። ነጣ ያሉ፣ ቆባቸው ወደ አረንጓዴ የሚያዳላ። እጇን ዘረጋች።

«እንጉዳይ» አለ ለይ። «የሚበላ። ከመቶ ዘጠና ሰባት።»

«እማማ! እማማ፣ ነይ! እንጉዳይ አገኘሁ!»

እማማ ሶልያና ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ። ቆቡን አላዩም። በጣታቸው አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ግንዱን ከነሥሩ አወጡት። ከሥሩ እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ከረጢት ነበረው።

«ረድኤት፣ እስቲ ነይማ። ይሄ የጅብ ጥላ ይመስለኛል።»

«የጅብ ጥላ ምንድን ነው?» አለች ውዳሴ።

«የማይበላው ነዋ፤ እንጉዳይ መስሎ ሰው የሚያታልለው። አክስቴ ሰኔና ሐምሌ እንጉዳይ ልታስለቅመን ስትወስደን ሥሩን ቆፍራ ሳታይ አታስነካንም ነበር። ከረጢት ካለው ‹ይሄን ጅቡ ይጠለልበት፣ ተዉት› ትለናለች።»

ረድኤት የራሷን ለይ አዞረች። እንጉዳይ፣ የሚበላ፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት።

«እማ፣ ዘጠና ሰባት እኮ ነው። ደግሞ በሰው የተረጋገጠ ይላል።»

«ሰው አይቶታል?»

«አዎ። ሦስት ሰው።»

እማማ ሶልያና እንጉዳዩን በእጃቸው አገላበጡት። ውዳሴ ዘንቢሏን ከፍታ ታያቸዋለች።

«እንግዲህ ሦስት ሰው ካየው…» አሉ። «እኔ ያየሁት እኮ ከስልሳ ዓመት በፊት ነው። ዐይኔም ደክሟል።» ከዚያም ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጡት።

ግን ልባቸው አላረፈም። ቤት እንደደረሱ ረድኤት እንጉዳዩን በሽንኩርትና በቃሪያ ስትጠብስ አጠገቧ ቆመው «መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው» አሉ። ረድኤት ሳቀች። እናቷ ግን የምራቸውን ነበር። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጉርሻ በሉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሆዳቸውን አላመማቸውም፣ ራሳቸውን አላዞራቸውም። ሰባት ሰዓት ሲሆን «ጥሩ ነው፣ ብሉ» አሉ።

ውዳሴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ «ይንሸራተታል» ብላ ተወችው። ረድኤት የራሷን ከጨረሰች በኋላ የልጇን ትራፊም በላች። የኖላዊ ድርሻ በጎድጓዳ ሳህን ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። እሱ አመሻሽ ላይ ሲመጣ ከባልደረቦቹ ጋር በልቶ ስለነበር አልነካውም።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ረድኤት ማስታወክ ጀመረች። ከእሷ ቀጥሎ እናቷ፣ ከእናቷ ቀጥሎ ልጅቷ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም ሐኪም ቤት ነበሩ። ወጣቷ ሐኪም ምን እንደበሉ ጠየቀች፤ ኖላዊ ተመልሶ ሄዶ ጎድጓዳ ሳህኑን አመጣላት። እጇ ላይ ያለው ለይ የሳህኑን ክዳን ስትከፍት «እንጉዳይ፣ የሚበላ» አለ። ሐኪሟ ለይዋን ፈትታ ኪሷ ከተተችና ሳህኑን ወደ ላቦራቶሪ ላከች።

ሰኞ ረድኤት ተሻላት። ማስታወኩ ቆመ፣ ፊቷ መለስ አለ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች።

«ኖላ፣ ራበኝ እኮ» አለችው። «ዳነች በላቸው። የት አለች ውዳሴ?»

«ከአጠገብሽ ያለው ክፍል ናት። ተኝታለች። እማማም ደህና ናቸው።»

«ስማ፣ ቅዳሜን ለምን አትቀይርም? ከሰው ጋር ተቀያየር። ሁልጊዜ እኛ ብቻ። ልጅቷ ‹አባዬ ዛፍ አይወድም ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ እኮ።»

«ምን አልሻት?»

«ከፍታ ነው የሚወደው አልኳት።» ሳቀች። «ሊፍት ላይ የሚቀመጥ ሰው ዛፍ ምን ያደርግለታል አልኳት።»

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ጠራችው። ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

«አቶ ኖላዊ፣ ይህ መርዝ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ነው የሚሰማው፤ ከዚያም በኋላ ደህና መስለው የሚታዩበት ቀን አለ። ቀኑ ዛሬ ነው። ልጅዎና አያቷ የበሉት ጥቂት ስለሆነ ይተርፋሉ ብዬ አምናለሁ። የባለቤትዎ ጉበት ግን… የምንችለውን እያደረግን ነው። ተስፋ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ፤ ግን በዛሬው ቀን እንዲታለሉ አልፈልግም።»

ኖላዊ ተመልሶ ገባ። ረድኤት ምን እንዳለችው ጠየቀችው። «ቅዳሜን ቀይር አለችኝ» አላት። እንደገና ሳቀች። ያንን ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ውዳሴ አዲስ ጫማ፣ ስለሚያፈሰው የወጥ ቤት ጣሪያ፣ ባለፈው ሳምንት ሲፈርም ራሱን ስቶ ስለወደቀ አንድ ሙሽራ ስታወራው ዋለች። እሱ እጇን ይዞ ይሰማ ነበር።

ማክሰኞ የዐይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ረቡዕ ሰው መለየት አቆመች። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች። ውዳሴና እማማ ሶልያና በዚያው ሐኪም ቤት በሌላ ክፍል ነበሩ፤ እየዳኑ። ለቀብሩ ተፈቅዶላቸው ወጡ።

ለቀስተኛው በድንኳኑ ውስጥ ሞልቶ ሳለ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የረድኤት ለይ ተናገረ። «ረድኤት፣ ደኑ ናፍቆሻል። ዛሬ አትመጪም?» የኖላዊ እህት መሳቢያውን ከፍታ አጥፍታው እስክትወጣ ድረስ ሁለት ጊዜ ደገመው።

እማማ ሶልያና ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ ነበር። «እኔ ነኝ የገደልኳት። ቀምሼ ብዪ አልኳት።» ሰዎቹ «ተዪ እማማ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ወጥ ቤት አልገቡም። ቢላዋ አልያዙም፣ ድስት አልጣዱም። ኖላዊ ከሥራ ሲመለስ እሱ ያበስላል፤ እሱ ያበሰለውን ውዳሴ አትበላም። ፋብሪካ የታሸገ፣ በራሷ እጅ የቀደደችው ብስኩት ብቻ ነበር የምትበላው። ጉንጮቿ ገቡ። በትምህርት ቤት ለደን ሰዓት ሲወጡ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ለምን እንደማትወጣ የጠየቃት ሰው አስተማሪዋ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ቀን ብቻ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ለይን ከሚሠራው ድርጅት አንዲት ሴት ቤታቸው መጣች። ኤዶም እባላለሁ አለች። እማማ ሶልያና ውዳሴን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ወጥተው ነበር። ኤዶም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሐዘናቸውን እንደሚካፈሉ ተናገረችና ወረቀት አወጣች።

«ስሕተቱ ታርሟል» አለች። «ከእንግዲህ ያንን እንጉዳይ ‹የሚበላ› አይለውም።»

«እንዴት ተሳሳተ?»

«ለይ ተጠራጥሮ ነበር፣ አቶ ኖላዊ። ይህን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። በግንቦት ወር ከሌላ ከተማ ተመሳሳይ ፎቶ ሲደርሰው እርግጠኛ አልነበረም። ጥርጣሬውን ለሰዎች ላከ። ሰዎቹ ተስማሙ። ሦስት ሰው ከተስማማ መጠራጠሩን ይተዋል።»

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የተጠቃሚ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ፎቶው የታየበት ጊዜ።

«የሰዎቹን ስም አንገልጽም» አለች ኤዶም። «ለደኅንነታቸው ሲባል።»

ኖላዊ ሦስተኛውን መስመር አነበበ። ግንቦት 3፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። የታየበት ጊዜ፦ አንድ ሴኮንድ ተኩል። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ የደኑ በር ሲከፈት ከውዳሴ ስም በፊት የሚጠራው ይህንኑ የቤተሰባቸውን ቁጥር ነው።

«ስማቸው አያስፈልገኝም» አለ።

ኤዶም ይህን እንደ ይቅርታ ቆጠረችው። እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ አመስግናው ወጣች።

ብቻውን ሲቀር ፎቶውን ከድሮ መልሶቹ መሃል ፈልጎ አወጣው። ከላይ የተነሣ ነው። ክብ ቆብ፣ ዙሪያው ሣር። ሥሩ አይታይም። ለረጅም ጊዜ አየው። ግንቦት 3 ቀን የትኛው ሕንፃ ላይ እንደነበረ ከሥራ መዝገቡ አገኘው፤ ስለዚያ ሰዓት ግን የሚያስታውሰው አንድም ነገር አልነበረም። ከሁሉም የባሰበት ይህ ነው። ሚስቱን የገደለበትን ደቂቃ ቢፈልግ አጣው።

ወረቀቱን የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። አሥራ አንድ ቀን አለፈ። እማማ ሶልያና አጠገቡ ተቀምጠው «ቀምሼ ብዪ አልኳት» ሲሉ ሰማ፤ ዝም አለ። ጎረቤት ሲያጽናናቸው ሰማ፤ ዝም አለ። አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ «እማማ» አለ፤ ዞር ሲሉ «ውሃ ላምጣልዎት?» ብሎ አለፈው። ልጄን በምን አሳድጋታለሁ ብሎ ፈራ። እናቷን ያጣችው ልጅ ደግሞ አያቷም ቢሄዱባት፣ ወይም እኔን ውጣ ቢሉኝ፣ ብሎ ፈራ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ሲገባ እማማ ሶልያና ልብሳቸውን በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ሲያስገቡ አገኛቸው።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ገዳም። ሰላሌ አንድ የሴቶች ገዳም አለ፤ አስጠይቄያለሁ፣ ይቀበሉኛል።»

«ውዳሴስ?»

«እንዲያውም ለእሷ ነው። እኔን እያየች እህል አትበላም። ይሄ እጅ ልጅ የሚያበላ እጅ አይደለም፣ ልጄ። ልመንኩስና እግዜርን ልለምነው።»

ኖላዊ የመሣሪያ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸው አልነበረም፤ መልሰው ሰጡት።

«አንብብልኝ።»

አነበበላቸው። ሦስት ሰው አይቶታል የተባለው እነዚህ መሆናቸውን ነገራቸው። ከዚያም «ሦስተኛው እኔ ነኝ» አለ።

አልገባቸውም። በሩ እንዲከፈት በየሳምንቱ አርባ ፎቶ እንደሚመልስ፣ ሳያይ እንደሚጫን፣ ያንንም እንደዚያ እንደተጫነው ከመጀመሪያ ጀምሮ አስረዳቸው። እንደ ብልሽት ሪፖርት ነበር የተናገረው፤ ሌላ አነጋገር አልመጣለትም።

«አንድ ሴኮንድ ተኩል ምን ያህል ነው?» አሉ።

«ስሟን አንዴ ለመጥራት የሚበቃ።»

እማማ ሶልያና አልጋው ላይ፣ ከሻንጣቸው አጠገብ ተቀመጡ። ከአፋቸው እርግማን እንዲወጣ ጠበቀ፤ እንዲያውም ፈልጎት ነበር።

«ወንድ ልጅ የለኝም ብዬ አንተን ልጄ ስል ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ይህን ወረቀት መቼ አገኘኸው?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነው።»

«አሥራ ሁለት ቀን ስናገር እየሰማኸኝ።»

«አዎ።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱትና ማንበብ ባይችሉም ሦስቱ መስመሮች ላይ ጣታቸውን አሳለፉበት።

«ግን አንተ ሳታውቅ ነው የተስማማኸው» አሉ። «እኔ እኮ እያወቅሁ ነው የተስማማሁት።»

ኖላዊ ይህን ቃል አልጠበቀም ነበር። ወረቀቱ ሸክማቸውን ያወርድላቸዋል ብሎ ነው የሰጣቸው። አላወረደም። መልስ ሊሰጥ ሲሞክር ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማ። ውዳሴ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አያውቅም።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች።

ከሳምንታት ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት። ደግሞ ትራፊዬን በላችልኝ። ‹ይንሸራተታል› ባልል ኖሮ አትበላውም ነበር።»

እማማ ሶልያና ከአልጋው ተነሥተው ልጅቷ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ከዚያው ሆነው ጎትተው አቀፏት።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ አየሽ፣ ከዚያ ጠየቅሽ። ልጅ የሚያደርገው ይህንን ነው። ጠይቀሽ የመለስንልሽ እኛ ትልልቆቹ ነን። እኔ መለስኩልሽ። አባትሽ መለሰልሽ።»

«እናቴስ?»

«እናትሽ አመነችን።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። በድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰችውን፣ በቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን። ኖላዊ ከተከፈተው የመሣሪያ ሣጥን አጠገብ ቆሞ አያቸው። ወደ እነሱ መጠጋት ፈለገ። ማንም ና አላለውም።

እማማ ሶልያና ገዳም አልሄዱም። በማግስቱ ውዳሴ ጠረጴዛው አጠገብ ስትቀመጥ ወጥ ቤት ገብተው ሁለት ድንች ቀቀሉ። ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጠው አንዱን ራሳቸው ጀመሩ፣ ሌላውን ሳይልጡ ለልጅቷ ሰጧት። እሷም ራሷ ላጠችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ግማሹን በላች። ከዚያ ቀን ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች። ኖላዊን ግን እማማ «ልጄ» ብለው አልጠሩትም። ስሙን ይጠሩታል። ምግብ ያቀርቡለታል፣ ሸሚዙን ያጥፉለታል፣ ሲታመም ይነሡለታል። ስሙን ይጠሩታል።

ድርጅቱ በጥቅምት አንድ ለውጥ ማድረጉን አስታወቀ። አሁን አንድ ፎቶ ከተከፈተ አምስት ሴኮንድ ሳይሞላ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን አይቻልም። ሰዎች አምስቱን ሴኮንድ ሌላ ነገር እያዩ ይጠብቃሉ። ኖላዊ ሦስቱንም ለይ መለሰ፤ ቁጥሩን አሰረዘ። የደኑ በር አይከፈትላቸውም፤ እነሱም አልሄዱም። ለቅዳሜ ፈቃድ ጠየቀና ተፈቀደለት። ቅዳሜ ቤት ይውላል።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ሦስቱ ወደ ረድኤት መቃብር ሄዱ። መቃብሩ ከከተማው ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ክረምቱን የጠጣው ሣር ደርቆ ወገብ ድረስ ቆሟል። ኖላዊ ድንጋዩን በውሃ አጠበ። እማማ ሶልያና ጸለዩ። ውዳሴ ሣሩ መሃል ስትመላለስ ቆይታ መጣችና እግሯን ዘረጋች። ነጭ ካልሲዋ ከቁርጭምጭሚት እስከ ላይ በጥቋቁር፣ መርፌ በመሰሉ ፍሬዎች ተሞልቷል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለ ኖላዊ።

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። እማማ ሶልያና አጎንብሰው አንዱን ነቀሉ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ጫፉን በጣታቸው ነኩት።

«ጨጎጎት ነው» አሉ። «ይሄን አልስተውም። እናትሽ በአንቺ ዕድሜ ሳለች ከትምህርት ቤት በዚህ ተሞልታ ነበር የምትመጣው። በወንዙ በኩል እንዳትመጣ ከልክያት ነበር። ‹በየት መጣሽ?› ስላት ‹በአስፋልቱ› ትለኛለች፤ ዐይኗን ሳታሽ። ካልሲዋ ያሳብቅባታል። አንድ ቀን ብልጥ ሆና ካልሲዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ መጣች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጨጎጎቱ ቦርሳውን፣ ደብተሩን፣ ሁሉንም ያዘው። ለአስተማሪዋ የቤት ሥራ ስትሰጥ ከነጨጎጎቱ ሰጠች።»

ውዳሴ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበር፤ እሷው ራሷ ደነገጠችና አፏን በእጇ ያዘች። ኖላዊ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ።

እማማ ሶልያና መሬት ላይ ተቀምጠው የልጅቷን እግር ጭናቸው ላይ አደረጉና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። አራት አምስት ያህል እንደለቀሙ ውዳሴ እግሯን ሳበች።

«ተዪው፣ እማማ።»

«ይወጋሻል እኮ።»

«ይውጋኝ።»